ሁሉ ያለው ቤት ጨው ሲበደር

የኢንተርኔት ሶፍትዌር ጥቅል ማለት ብራውዘሩን፣ ኢሜይሉን፣ የአድራሻ ደብተሩን፣ የድረ ገጽ መሥሪያውንና ቻቱን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አጭቆ የሚቀርብ ዕቃ ነው። አሠራሩ የሱቅ በደረቴ ነው። መፋቂያ የፈለገም፣ ክብሪት የፈለገም፣ ማስቲካ የፈለገም ከአንድ ሰው ደረት ላይ ያገኛል። ልዩነታቸው ሱቅ በደረቴው ገበያውን ማወቁ ላይ ነው፤ ያልተሸጠለትን ዕቃ ብዙ ቀን ይዞት አይዞርም። ጥቅሉ ግን ማንም የማይነካውን ዕቃ ሃያ ዓመት ደረቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ሲጠየቅ ደግሞ ወደ ጎረቤት ይልካል። ከጎረቤት መጥቶ በላዩ የሚጫነው ትንሽ ፕሮግራም ቅጥያ፣ በብዙዎች አፍ ኤክስቴንሽን፣ ይባላል።

የቤተሰቡ አያት በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ ኮሚዩኒኬተር ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የካሊፎርኒያው የኔትስኬፕ ኩባንያ በማርች 1998 የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ለቀቀው። ከዚያ ኮድ የሞዚላ ጥቅል ተወለደ፤ ተንፏቆ ተንፏቆ በጁን 2002 ለቁጥር 1.0 በቃ። የልጅ ልጁ ሲመንኪ በጃንዋሪ 2006 ተከተለ። ልጅ አያቱን ቢመስል ያለ ነው፤ ሲመንኪ ግን አያቱን የሚመስለው እስከ አዝራሮቹ ድረስ ነው።

ስሙ ሲተረጎም «የባሕር ጦጣ» ነው። ኔትስኬፕ ውስጥ ለሥራ መጠሪያ ያገለግል የነበረ ስም ነው፤ ለአሜሪካውያን ግን ሌላም ነገር ያስታውሳቸዋል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በልጆች የሥዕል መጽሔቶች ጀርባ ላይ «የባሕር ጦጣ» የሚሸጥ ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ሥዕሉ ላይ ዘውድ የደፉ፣ ጥርሳቸው የማይከደን አባት፣ እናትና ልጆች ይታያሉ። ገንዘብ ልኮ ለሚጠብቀው ልጅ በፖስታ የሚደርሰው ግን የደረቀ እንቁላል ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲጨመር ከሽፋሽፍት የማይረዝም የጨው ውኃ ሽሪምፕ ይፈለፈልበታል። ጥቅሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ከእነዚያ ልጆች የሚሻለው ገንዘብ ባለመክፈሉ ብቻ ነው።

ቅጥያ የሚለው ቃል ከሰዋስው መጽሐፍ የመጣ ስለሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ማስረዳት አይከብድም። «እስካላስነገርኩባቸውም» የሚለውን ቃል ማየት ይበቃል። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት ቅጥያ ተደርቦባት መካከል ላይ ያለችው «ነገር» ትንፋሽ አጥሯት ትታያለች። ግን ሥራውን የሚሠሩት ቅጥያዎቹ ናቸው፤ ማን፣ በማን ላይ፣ እስከ መቼ የሚለውን ሁሉ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሲመንኪም እንደዚያው ነው። በውስጡ ሥሩ አለ፤ ሥሩ ብቻውን ግን አረፍተ ነገር አይሆንም።

ብድሩ የተጀመረው በቤት ክፍፍል ነው። ጥቅሉ 1.0 በደረሰበት በዚያው በ2002፣ ጓዙ የከበዳቸው ዴቭ ሃያትና ብሌክ ሮስን የመሰሉ የሞዚላ ሰዎች ብራውዘሩን ብቻ ነጥለው ፊኒክስ የሚባል ቀለል ያለ ፕሮግራም አወጡ። ስሙ ባለቤት ስለነበረው ፋየርበርድ ተባለ፤ ያም ባለቤት ተገኘለትና በመጨረሻ ፋየርፎክስ ሆነ። 1.0 የወጣው በኖቬምበር 9 ቀን 2004 ነው። የሁለቱን ቤቶች ልዩነት በአዲስ አበባ የኪራይ ገበያ ቋንቋ መናገር ይቻላል። ፋየርፎክስ ባዶ ቤት ነው፤ ተከራዩ የሚፈልገውን ዕቃ ይዞ ይገባል። ጥቅሉ ፈርኒሽድ ነው፤ አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ተከራይ ሁሉ «ይኼ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የመስታወት ጠረጴዛም አብሮ ይከራያል።

በዚህ ስሌት ዕቃ ፍለጋ መንከራተት የነበረበት የባዶ ቤቱ ተከራይ ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቅጥያ የሚሠሩት አብዛኞቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ግለሰቦች ናቸው፤ ሠሪ ደግሞ ሰው ወደ በዛበት ይሄዳል። ሰው የበዛው ፋየርፎክስ ዘንድ ነበር። በማርች 2005 የሞዚላ ፋውንዴሽን ከዚህ በኋላ ለጥቅሉ አዲስ ዕትም እንደማያወጣ አስታወቀ፤ ሥራውን ሲመንኪ ብለው የተረከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቤት የተከራየው ሰው ቤቱ ሞልቶ ዕቃ መርጦ ያስቀምጣል፤ ፈርኒሽድ የተከራየው በየበሩ እያንኳኳ ይለምናል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ሲመንኪን ያደመቀው ግን የሰው ወርቅ ነው።

ወርቁም ቀላል አልነበረም። ማስታወቂያ የሚከለክለው አድብሎክ ፕላስ፣ ያልተፈቀደለት ስክሪፕት እንዳይሠራ የሚያግደው የጣሊያናዊው ጆርጂዮ ማኦኔ ኖስክሪፕት፣ ደብዳቤ በምስጢር ቁልፍ የሚያሽገው ኢኒግሜይል፣ ፋይል ከፋፍሎ በፍጥነት የሚያወርደው ዳውንዘምኦል፣ የቀን መቁጠሪያው ላይትኒንግ፣ ሁሉም ሲመንኪ ላይ ሠርተዋል። ታብ ራሱ፣ ዛሬ ያለ እሱ ብራውዘር የማይታሰበው ታብ፣ ወደ ሞዚላ ጥቅል መጀመሪያ የገባው መልቲዚላ በሚባል ቅጥያ ነው፤ ጥቅሉ የራሱን ታብ ያገኘው ቆይቶ ነው። ይባስ ብሎ ሲመንኪ «የራሴ» የሚላቸው ቻትዚላን የመሰሉ ክፍሎች ሳይቀሩ በቅጥያዎች ዝርዝር ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ። የቤቱ ልጅ ከእንግዶቹ ጋር ወንበር ይዞ እንደ መቀመጥ ነው።

በሲመንኪ 1 ዘመን ቅጥያ መጫን ይቻል ነበር፤ ማራገፊያ ግን አልነበረም። ይህ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። ፋይሉን የሚያስገባ እንጂ የሚያስወጣ አልተሠራም። አንዴ የገባ ቅጥያ ልቅሶ ሊደርስ መጥቶ እስከ አርባው እንደሚቆይ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሂድ አይባል ነገር። ባለቤቱ ከጨከነ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ፎልደር ከፍቶ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ እየገመተ ይደልዛል፤ ግምቱ ከሳተ ቅጥያው ይቀርና ብራውዘሩ ይሄዳል። ችግሩን ያዩ ሰዎች መፍትሔ አበጁ፤ ቅጥያ የሚያራግፍ ቅጥያ ሠሩ። እሱም በበኩሉ መጫን ነበረበት። እውነተኛ የቅጥያ ማስተዳደሪያ የመጣው በኦክቶበር 2009፣ ከሲመንኪ 2.0 ጋር ነው።

ማራገፊያው ሲገኝ ደግሞ የዕትም ቁጥር ጣጣ መጣ። እያንዳንዱ ቅጥያ ከየትኛው ዕትም እስከ የትኛው እንደሚሠራ በውስጡ ጽፎ ይይዛል። ፕሮግራሙ ከተጻፈው ቁጥር አንዲት ነጥብ ካለፈ «አይስማማም» ይልና በሩን ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ምንም የማይስማማ ነገር የለም፤ ሠሪው ቁጥሩን ሲጽፍ ከዚያ የሚበልጥ ዕትም ስላልነበረ ብቻ ነው። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዞ ቀበሌ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሰውዬው ያው ራሱ ነው፣ ጸሐፊዋም ታውቀዋለች፣ ወረቀቱ ግን አያውቀውም።

መፍትሔው ወረቀቱን ማደስ ነው፤ የሲመንኪ ተጠቃሚ ሁሉ ሳይወድ ባለሙያ የሆነው በዚህ ነው። የቅጥያ ፋይል ኤክስፒአይ የሚል መጨረሻ ይኑረው እንጂ ከውስጥ ተራ ዚፕ ነው። መጨረሻው ዚፕ ተብሎ ሲለወጥ እንደ ማንኛውም ዚፕ ይከፈታል። ውስጡ «ኢንስቶል» የሚባል የአርዲኤፍ ፋይል አለ፤ በኖትፓድ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ቅጥያው የሚያውቃቸው ፕሮግራሞች በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ተዘርዝረዋል። የሲመንኪ መለያ ከነሰረዞቹ 36 ፊደልና አኃዝ ሲሆን በ92650 ይጀምራል። የፋየርፎክሱ አንቀጽ ኮፒ ይደረግና ከሥሩ ይለጠፋል፣ መለያው በሲመንኪው ይተካል፣ «ማክስ ቨርዥን» ከሚለው መስመር ላይ የነበረው ቁጥር ጠፍቶ ከፍ ያለ ቁጥር ይጻፋል። ፋይሉ ተመልሶ ይታሸጋል፣ ስሙ ወደ ኤክስፒአይ ይመለሳል፣ ወደ ሲመንኪ መስኮት ይጎተታል። ከተጫነ እልልታ ነው። ካልተጫነ ብዙ ጊዜ ፋይሉ የታሸገው ከነፎልደሩ ስለሆነ ነው። ኮምፒዩተር አልችልም የሚሉ፣ የፕሪንተር ኬብል ለመሰካት የሰፈር ልጅ የሚጠሩ ሰዎች ይህንን ሥራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሠሩ ቆይተዋል። ማስታወቂያ የሌለበት ገጽ አንዴ ያየ ሰው የማይማረው ነገር የለም።

በ2011 ፋየርፎክስ በየስድስት ሳምንቱ አዲስ ቁጥር ማውጣት ጀመረ። በማርች ቁጥር 4 የነበረው በጁን ቁጥር 5 ሆነ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠር ላቆመ ሰው ይፈረድለታል። ሲመንኪም ውስጡ ያው የፋየርፎክስ ሞተር ስለሆነ አብሮ መሮጥ ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፤ ከፋየርፎክሱ ቁጥር ላይ 3 ይቀነስና ከፊቱ 2 እና ነጥብ ይደረጋል። ፋየርፎክስ 8 ማለት ሲመንኪ 2.5 ነው፤ 52 ማለት 2.49 ነው። ለቀረው ዓለም ራስ የሚያዞር ስሌት ሊሆን ይችላል። ከፈረንጁ ዓመት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሰ ላደገ ሰው ግን ቁርስ ነው።

ሒሳቡ የግድ የሚሆነው ለቀን መቁጠሪያው ነበር። ላይትኒንግ ውስጡ ከሞተሩ ጋር የተበየደ ስለሆነ በወረቀት እድሳት አይታለልም ነበር፤ እያንዳንዱ ዕትም የራሱ ላይትኒንግ ነበረው። ላይትኒንግ 1.0 ለሲመንኪ 2.5 ነው፤ ለ2.4 አይሆንም፣ ለ2.6ም አይሆንም። ተጠቃሚው ማታ ፕሮግራሙ «አዲስ ዕትም መጥቷል፣ ልጫን?» ሲለው «እሺ» ብሎ ይተኛል። ጠዋት ሲከፍተው ቀን መቁጠሪያው የለም። የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ፣ የዕቁቡ ቀን፣ የአማቱ ልደት የሉም። ጠፍተው አይደለም፤ ፕሮፋይል በሚባለው የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በአንዲት የዳታ ፋይል ተቀምጠዋል። የጠፋው በሩ ነው። ሰውየው ትክክለኛውን የላይትኒንግ ቁጥር ፈልጎ እስኪያገኝ ቀጠሮው ያልፋል። የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ በዚህ መንገድ ስላለፈው ግን ያዘነ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

ቅጥያ ሲበዛ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላል። አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣል፣ አንዱ የከፈተውን ሌላው ይዘጋል፤ መሐል ላይ ብራውዘሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ «ሴፍ ሞድ» የሚባል አለ፤ ፕሮግራሙ ቅጥያዎቹን ሁሉ ውጭ አስቁሞ ብቻውን ይነሣል። በሴፍ ሞድ ከሠራ ጥፋተኛው ከቅጥያዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሽማግሌ ሥራ ነው። ግማሾቹ ይዘጋሉ፤ ችግሩ ከቀረ ጥፋተኛው ከተዘጉት መሐል ነው፤ ካልቀረ ከተከፈቱት። እንደገና ለግማሽ ይከፈላል። አሥራ ስድስት ቅጥያ ያለው ሰው በአራት ዙር ጥፋተኛውን ይይዛል፤ በየዙሩ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። አሳዛኙ ነገር ጥፋተኛው ሁልጊዜ ያለ እሱ መኖር የማይቻለው ቅጥያ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ይማርና ሌላው፣ ምንም ያላጠፋው፣ ይባረራል።

በአማርኛ ለሚጠቀም ሰው ነገሩ ከዚህም ቀድሞ ይጀምር ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የአማርኛ ፎንት አብሮት አይመጣም ነበር። ኒያላ የሚባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ ፎንት ያልጫነ ሰው ከአዲስ አበባ የተላከለትን የሠርግ ጥሪ ሲከፍት የሚያየው የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ነው፤ የማን ሠርግ፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ከሳጥኖቹ ብዛት መገመት ነበር። ፎንቱ ተገኝቶ መልስ ልጻፍ ሲባል የጥቅሉ ፊደል አራሚ ይነሣል። አራሚው ይዞ የመጣው መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ቃል ሲያይ ሁሉንም በቀይ ያሰምርበታል። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ኮስታራ የአማርኛ መምህር ያረመው ድርሰት ይመስላል። መዝገበ ቃላት የሚጨመረውም፣ ሌላው ሁሉ እንደሚጨመረው፣ በቅጥያ ነው።

ይህ ሁሉ ብድር በኖቬምበር 14 ቀን 2017 ተቋረጠ። በዚያ ቀን የወጣው ፋየርፎክስ 57 የድሮዎቹን ቅጥያዎች በሙሉ መቀበል አቆመ። የድሮዎቹ ዙል በሚባል ቋንቋ የተሠሩ ነበሩ፤ ስሙ ጎስትበስተርስ ከሚለው ፊልም ጋኔን በቀልድ የተወሰደ ነው። ዙል እንደ ስሙ የፕሮግራሙን ውስጥ ሁሉ ይገባበት ነበር። ኃይሉም ጣጣውም ይኸው ነው። ማንኛውም ቅጥያ የፕሮግራሙን የትኛውንም ክፍል መነካካት ስለሚችል፣ ሞዚላ አንድ ግድግዳ ባፈረሰ ቁጥር ግድግዳው ላይ ሚስማር የመታ ሁሉ ይጮኽ ነበር። ሞዚላ ሚስማሩን ከለከለ፤ በምትኩ የተለካ መስቀያ ሰጠ። ውሳኔው ለፋየርፎክስ አስፈላጊ እንደነበር መካድ አይቻልም። ለሲመንኪ ግን ጎረቤቱ ጨው መጠቀም እንዳቆመ ነው። ጨው የሚበደርበት ቤት አጣ። ሠሪዎቹም ወደ አዲሱ አሠራር ሄዱ፤ ገሚሶቹም ድካሙን ቆጥረው ጭራሽ ተዉት።

ሲመንኪ ያለው ሞተር የተነሣው ከፋየርፎክስ 56 ነው፤ በላዩ ላይ ከአዲሶቹ እየተለቀመ ይጠገንበታል። ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ 2.53 ላይ ቆሞ ሦስተኛ ነጥብ እያወጣ ይሄዳል። የድሮውን ቅጥያ ስለሚቀበል፣ የድሮ ቅጥያ ላለው ሰው መጠጊያ ሆኗል። የሞዚላ መደብር የድሮዎቹን ቅጥያዎች በ2018 ከመደርደሪያው ሲያወርድ የተቆረቆሩ ሰዎች ከ19 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ሰብስበው ክላሲክ አድኦንስ አርካይቭ ብለው አስቀመጡ። የማኅደሩን ዝርዝር የሚከፍተው ራሱ ቅጥያ ነው። ማስታወቂያ ለመከልከል ደግሞ የዩብሎክ ኦሪጅን ሠሪዎች ለድሮዎቹ ብራውዘሮች ብለው ያቆዩት አሮጌ ዕትም አለ፤ ቁጥሩ በ1.16.4 ይጀምራል።

አዲሱ ችግር ከድረ ገጾቹ በኩል ነው። ገጾች የሚጻፉበት ጃቫስክሪፕት በየዓመቱ አዲስ ሰዋስው ይጨምራል፤ የሲመንኪ ሞተር ያንን እስኪማር ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ቁልፉ ቢጫኑት ቢጫኑት ዝም ይላል። ለዚህም ፔልፊል የሚባል ቅጥያ ተሠርቷል። ማስታወቂያ አይከለክልም፣ ቀጠሮ አይይዝም፣ ደብዳቤ አያሽግም። ሥራው አንዳንድ ገጾች እንዲከፈቱ ማድረግ ብቻ ነው። ድረ ገጽ ለመክፈት የተሠራው ጥቅል ድረ ገጽ ለመክፈት ቅጥያ ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦም ልሞክረው የሚል ካለ፣ ጥቅሉ በነፃ ይወርዳል፤ ኢሜይሉ ደህና ነው፣ ቻትዚላም እስከ ዛሬ አብሮት አለ። አንድም ቅጥያ ከመጫኑ በፊት ግን የፕሮፋይሉን ፎልደር ኮፒ ያድርግ። ያገኘውንም ኤክስፒአይ ሁሉ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ፤ ነገ ሲፈልገው የወረደበት ቦታ ላይኖር ይችላል።